«ራን» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ግስ፦ ፍቺዎቹ፣ ተመሳሳዮቹና የአማርኛ አቻዎቹ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ተማሪው «ራን» የሚለውን ግስ በታችኞቹ ክፍሎች «ሮጠ» ከሚለው ፍቺ ጋር ይማረዋል። ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ሲሻገር ይኸው ቃል በየትምህርቱ ይጠብቀዋል። በኬሚስትሪ ሙከራን፣ በኮምፒውተር ትምህርት ፕሮግራምን፣ በኢኮኖሚክስ የበጀት ጉድለትን፣ በሥነ ዜጋ የምርጫ እጩን የሚመለከት ግስ ሆኖ ይመጣል። ችግሩ የሚብሰው ቃሉ የታወቀ በመምሰሉ ነው። አንባቢ የማያውቀውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ይፈልጋል፤ የሚያውቀው የሚመስለውን ግን አይፈልግም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የቃሉ ፍቺዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ፣ ተመሳሳይ ቃላቱ የት ድረስ እንደሚተኩት እና አማርኛ ለነዚህ ፍቺዎች ምን መንገድ እንዳለው ማሳየት ነው።

የፍቺዎቹ ብዛት

አንድ ቃል ተዛማጅ የሆኑ በርካታ ፍቺዎችን የሚይዝበትን ባሕርይ ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ሚሼል ብሬያል እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ሥራ «ፖሊሴሚ» ብሎ ሰይሞታል። ጆርጅ ዚፕፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1945 ባቀረበው ጥናት አዘውትሮ የሚነገር ቃል ብዙ ፍቺ የመያዝ ዝንባሌ እንዳለው አመልክቷል። «ራን» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም በፍቺ ብዛት የሚታወቀው «ሰት» የተሰኘው ግስ ነበር። ለሦስተኛው እትም በተደረገው ክለሳ ግን «ራን» በግስነቱ 645 ፍቺዎች ተቆጥረውለት ቀዳሚነቱን ወስዷል። ክለሳውን ያከናወነው የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር በዚህ አንድ ቃል ላይ ዘጠኝ ወር ያህል ሠርቷል።

ይህ ቁጥር ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው «ዎርድኔት» የተባለው የቃላት የመረጃ ቋት ለዚሁ ግስ የሰጠው 41 ፍቺ ብቻ ነው። የሁለቱ ልዩነት አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ኦክስፎርድ የቃሉን የዘመናት ታሪክ ይዘረዝራል፤ «ዎርድኔት» በዛሬው አገልግሎት ላይ አተኩሮ ተቀራራቢዎቹን ይጠቀልላል። እንግዲህ የፍቺ ብዛት በቃሉ ብቻ ሳይሆን በከፋፋዩ ዓላማም ይወሰናል።

የፍቺዎቹ ትስስር

ፍቺዎቹ የተበታተኑ ቢመስሉም ማእከል አላቸው። ስቴፋን ግሪስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው በጽሑፍ ክምችት ላይ የተመሠረተ ጥናት በእግር ፈጥኖ መንቀሳቀስን የቃሉ ዋነኛ ፍቺ አድርጎ ለመውሰድ የሚያበቁ ማስረጃዎችን አቅርቧል። ከዚህ ማእከል የሚነሱት ቅርንጫፎች ከሩጫ አንዳንድ ባሕርይ እየወሰዱ ይርቃሉ።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የፈሳሽ ነው። ወንዝ ሲወርድ፣ አፍንጫ ፈሳሽ ሲያወጣ፣ የጨርቅ ቀለም ሲለቅ እንግሊዝኛ «ራን» ይላል። ይህ አዲስ ዘይቤ አይደለም፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛም የቃሉ ቀዳሚ ቅርጽ ሩጫንም ፍሰትንም ይገልጽ ነበር። ሁለተኛው የመሣሪያ ነው። ሞተር ሲሠራና ሰዓት ሲቆጥር ቦታ አይለቅም፤ ከሩጫ የተወሰደው ያለማቋረጥ መንቀሳቀሱ ነው። ሦስተኛው የመስመር ነው። መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘረጋ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የቀረው የጉዞው አቅጣጫ ብቻ ነው። አራተኛው ግሱ ተሻጋሪ ሲሆን የሚገኝ ነው፤ ድርጅትን፣ ሙከራን ወይም ፕሮግራምን «ራን» ማድረግ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ፣ ማለትም መምራትና ማከናወን ይሆናል። አምስተኛው የፉክክር ነው፤ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የምርጫ እጩ «ይሮጣል»። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ግን ይኸው እጩ «ይቆማል»። አንድ ጉዳይ በአንድ ቋንቋ ውስጥ በተቃራኒ ዘይቤዎች መገለጹ ቅርንጫፉ በልማድ እንጂ በግዴታ እንዳልበቀለ ያሳያል።

በአማርኛ ቅኔ የለመድነው ኅብረ ቃል ከዚህ ይለያል። በኅብረ ቃል ሰሙና ወርቁ በአንድ ጊዜ እንዲሰሙ ይፈለጋል። በተራ ንግግር ግን ዐውዱ ከብዙዎቹ ፍቺዎች አንዱን መርጦ ሌሎቹን ያስቀራል። የመራጩም ሚና በአብዛኛው የባለቤቱና የተሳቢው ነው፤ ባለቤቱ ውኃ ከሆነ ፍሰት፣ ተሳቢው ድርጅት ከሆነ አስተዳደር ይመረጣል።

ተመሳሳዮቹና ወሰናቸው

በመማሪያ ክፍል «የዚህ ቃል ተመሳሳይ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የተለመደ ነው። ለ«ራን» ግን ጥያቄው እንዳለ መልስ የለውም። «ማኔጅ» የድርጅት አመራርን በሚገልጸው ፍቺ ሊተካው ይችላል፤ በወንዙ ግን አይገባም። «ፍሎው» ለወንዙ ይሆናል፤ ለምርጫ እጩው አይሆንም። «ኦፐሬት» ለሞተሩ ይስማማል፤ ለሯጩ አይስማማም። በእግር ሩጫው ፍቺ ውስጥ እንኳ «ስፕሪንት» በሙሉ ኃይል መፈትለክን፣ «ጆግ» ዝግ ብሎ መሮጥን ስለሚያመለክቱ ሙሉ በሙሉ አይተካኩም። ተቃራኒዎችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። የሚሠራ ሞተር ተቃራኒው የጠፋ ሞተር፣ የሚፈስ ውኃ ተቃራኒው የረጋ ውኃ ነው፤ አንዱ ተቃራኒ በሌላው ቦታ አይቆምም።

ከዚህ የሚገኘው ድምዳሜ ተመሳሳይነት የቃል ሳይሆን የፍቺ ዝምድና መሆኑ ነው። ፒተር ማርክ ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው ዝነኛ የተመሳሳይ ቃላት መድበል ቃላቱን በሐሳብ መደብ የከፋፈለው፣ «ዎርድኔት»ም ቃላትን በጋራ ፍቺያቸው የሚያቧድነው ከዚህ ጋር በሚስማማ መንገድ ነው። ፍቺ ሳይለይ የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር የሚያጠና ተማሪ በአንጻሩ ትክክለኛውን ቃል በተሳሳተ ቦታ ያኖራል።

የአማርኛ መንገድ

አማርኛ «ሮጠ»ን ወደነዚህ ሁሉ ቅርንጫፎች አልወሰደውም። ወንዝ ይፈሳል፣ ሞተር ይሠራል፣ መንገድ ይዘረጋል፣ እጩ ይወዳደራል፣ በቤተሰብ የሚተላለፍ በሽታ በዘር ይወርዳል። ይህን ብቻ የተመለከተ ሰው የእንግሊዝኛው ዘይቤ ለአማርኛ ተናጋሪ ፈጽሞ ባዕድ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ከእንቅስቃሴ ወደ አመራርና ክንውን የሚወስደው መንገድ በአማርኛም አለ፤ የሚነሳው ከ«ሮጠ» ሳይሆን ከ«ሄደ» ነው። የ«ሄደ» አስደራጊ ቅርጽ «አስኬደ» ነው፤ ድርጅትን የሚመራውም «ሥራ አስኪያጅ» ይባላል፤ ሥራውን እንዲሄድ የሚያደርግ ማለት ነው። ሙከራና ጥናት «ይካሄዳል»፤ የክንውኑ ስልት «አካሄድ»፣ ቅደም ተከተሉ «ሂደት» ነው። እንግሊዝኛ በሩጫ የገለጸውን አማርኛ በጉዞ ገልጾታል።

ይህ ንጽጽር ለመምህሩ ጠቃሚ ነው። «ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ስያሜ የሚያውቅ ተማሪ ድርጅትን «ራን» ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የሚያስፈልገው ዘይቤ በራሱ ቋንቋ ውስጥ አለው። የሚጎድለው የሚያስታውሰው መምህር ነው። የብዙ ፍቺ ባሕርይም ለአማርኛ እንግዳ አይደለም፤ ገመድ «የሚቆርጥ» ሰው ቲኬትም፣ ተስፋም ይቆርጣል፤ ሆዱንም ይቆርጠዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ሦስት ነጥቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ብዙ ፍቺ ያለው ግስ ለብቻው ተነጥሎ ሳይሆን ከባለቤቱና ከተሳቢው ጋር ተጣምሮ መቅረብ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ተመሳሳይ ቃላትን በየፍቺው ሥር ሊያሰፍሩ እንጂ በአንድ ረድፍ ሊደረድሩ አይገባም። ሦስተኛ፣ አቻ ሲፈለግ ከመጀመሪያው ፍቺ አቻ ጋር መጣበቅ ያሳስታል፤ ለ«ራን» ከ«ሮጠ» ይልቅ የ«ሄደ» ቤተሰብ የሚስማማባቸው ቦታዎች በርካታ ናቸው። የቋንቋ መምህራንም ሆኑ የሌሎች ትምህርቶች መምህራን እነዚህን ነጥቦች ቢያጤኑ፣ ተማሪው አውቀዋለሁ ብሎ የሚያልፈውን ቃል ቆም ብሎ እንዲመረምረው ማገዝ ይችላሉ።