የተጫነ መኪና ዓባይ በረሃን ሲወርድ

ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ መኪናው 1400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ያንን የሚያህል ዳገት እስከ ደጀን ይወጣል። ከደጀን ለሚመጣም ያው ነው። ጭነቱንና ተሳቢውን ጨምሮ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከላይ እስከ ታች ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ1500 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ወይ የፍሬን ሸራው። ሞተር ራዲያተርና የጭስ ማውጫ ስላለው ሙቀት ሲያስወጣ ይውላል፤ ሸራና ታምቡር ግን ከነፋስ በቀር ማቀዝቀዣ የላቸውም። ስለዚህ መኪናውን ይዞ የሚያወርደው ሞተሩ ነው፤ ፍሬን የሚነካው ፍጥነቱን ለማረም ያህል ብቻ ነው።

አደጋ ሲደርስ «ፍሬን በጥሶ» ይባላል። አባባሉ ሹፌሩን ከጥፋት ነጻ ያወጣዋል፣ የሆነውን ነገር ግን አይገልጽም። ረጅም ቁልቁለት ላይ የሚበጠስ ነገር እምብዛም የለም። ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ ሸራው ይግልና የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ታምቡሩም በሙቀት ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። ሸራውን የሚገፋው የቻምበሩ ዘንግ ያን ጊዜ ከወትሮው ረዝሞ መውጣት ይኖርበታል፤ አስቀድሞ የላላ ከሆነ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይቆማል። የአየር ጌጁ ሙሉ ነው፣ ፔዳሉም እንደ ወትሮው ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እንዲያውም በአየር ፍሬን መኪና ላይ አየሩ ቢያልቅ የእጅ ፍሬኑ ሞላ ራሱ ተለቆ ጎማውን ይይዛል፤ አየር የሚያስፈልገው ሞላውን ጨቁኖ ፍሬኑን ለማላቀቅ ነውና።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር የሚደረግ ፍተሻ

መኪናው ሜዳ ቦታ ላይ ይቆምና ጎማው በታኮ ይያዛል፤ ፍተሻው የእጅ ፍሬን መልቀቅን ስለሚጠይቅ ያለ ታኮ አይጀመርም። ሞተሩ ተነስቶ አየሩ እስኪሞላ ይጠበቃል፤ በብዙ መኪኖች ይህ 8 ባር አካባቢ ነው። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ የእግር ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተረግጦ አንድ ደቂቃ ይያዛል። መጀመሪያ ሲረገጥ የሚወርደው አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ በደቂቃው ውስጥ ጌጁ ተሳቢ በሌለው መኪና ከ0.2 ባር፣ ባለ ተሳቢ ከሆነ ከ0.3 ባር ገደማ በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ረዳቱ በዚህች ደቂቃ ሬዲዮው ተዘግቶ መኪናውን ይዞራል። የሚያፈስ ቱቦ ከዓይን ይልቅ በጆሮ ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ፍተሻ በደንብ ያውቁታል፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ላይ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብሎ እየተናገሩ ማሳየት ግዴታ ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ሬጅስትሮ ነው፣ ማለትም ሸራው ከታምቡሩ ያለውን ርቀት ማስተካከል፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም እሱ ነው። ታምቡሩ ቀዝቅዞ፣ ጎማው በታኮ ተይዞና የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ረዳቱ ከስር ይገባል፤ ከቻምበሩ ዘንግ ጋር የተያያዘውን ክንድ በእጁ ጠበቅ አድርጎ ይስባል። ዘንጉ ከክንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ፍሬኑ ላልቷል። ልዩነቱ ሜዳ ላይ አይታወቅም። አዲስ አበባ ውስጥ በየመብራቱ በደንብ ሲቆም የዋለ መኪና ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲሰፋ የዘንጉ መንገድ ያልቅበታል። ሁሉም ጎማ እኩል ሬጅስትሮ መደረጉም መታየት አለበት። ከስድስት ጎማ ሁለቱ ብቻ ጠብቀው የቀሩት ላልተው ከሆነ ሁለቱ የስድስቱን ሥራ ሠርተው ይቃጠላሉ፤ ከዚያ የቀሩት ብቻቸውን አይችሉም።

የእግር ፍሬናቸው በዘይት የሚሠራ ትንንሽ የጭነት መኪኖች ችግራቸው ሌላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ሲገባበት ግን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃልና ፔዳሉ ወለሉን እስኪነካ ቢረገጥም ጎማው ጋር የሚደርስ ግፊት የለም። ጠቁሮ የቆየ ዘይት ከላይ እየተጨመረ ሳይሆን ተደፍቶ ይቀየራል።

የቀሩት ፍተሻዎች ፈጠን ብለው ያልቃሉ። የአየር ታንኮቹ ቡሽ ተከፍቶ ውሃው ይፈስሳል፤ ከውሃው ጋር ብዙ ዘይት ከወጣ ኮምፕሬሰሩ መታየት አለበት። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በድርብ ጎማ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ይወጣል። ከዳዶ ሥር እንደ ጨረር የወጣ የዝገት መስመር ከታየ ዳዶው ላልቷል፤ ጎማ ከተቀየረ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተሂዶ እንደገና ይጠብቃል። የተሳቢው ቱቦዎች በየቦታቸው መግባታቸውና የማንጠልጠያው ፒን መቆለፉ ይረጋገጣል። ጭነቱ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ከፊት በኩል ተጠግቶ መታሰር አለበት።

ማርሽ

ማርሽ የሚመረጠው መንገዱ ገና ሜዳ ሳለ ነው። ቁልቁለቱ ላይ እቀንሳለሁ ብሎ በአምስተኛ የገባ ሹፌር የሚገጥመው ይህ ነው፦ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ አምስተኛን ያወጣል፣ አራተኛ ግን አልገባም ብሎ ካምቢዮው ይንጫረራል። ወደ አምስተኛ ልመልስ ሲል በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ መኪናው ፍጥነት ጨምሯል፣ እሱም አይገባም። አሁን 40 ቶን በዜሮ ማርሽ እየወረደ ነው፤ የቀረው መያዣ ሸራው ብቻ ነው።

በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የቆየ ልማድ ለድሮ መኪኖች ጥሩ መለኪያ ነበር። የዛሬ ሞተሮች ጉልበታም ስለሆኑ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጡታል፤ ለመውረድ ግን ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ትክክለኛው ማርሽ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ሞተር ፍሬኑ በርቶ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ መኪናው በራሱ የማይጨምር ወይም ቀስ ብሎ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ልክ ነው። እግር ከፍሬን ላይ የማይነሳ ከሆነ ማርሹ ከፍ ብሏል።

ሞተር ፍሬን በብዙ መኪኖች ላይ የጭስ መውጫውን የሚዘጋ ክዳን ነው፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ሞተሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። የሚበረታው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ስለሆነ የዙር መቁጠሪያው መርፌ ወደ ቀዩ ተጠግቶ፣ ግን ቀዩ ውስጥ ሳይገባ ቢሄድ ጥሩ ነው። ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ሞተር ፍሬኑ ከጎማው ጋር ይለያያል። አስፋልቱ ረጥቦ መኪናው ባዶ ከሆነም የኋላ ጎማ ሊያንሸራትት ስለሚችል ይጠፋና በዝቅተኛ ማርሽና በዝግታ ይወረዳል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ ላይ ማድረግ የሚያተርፈው ነገር የለም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ፖምፓው ናፍጣ መላኩን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ሞተሩን ጭራሽ አጥፍቶ መውረድ ደግሞ መሪውን ያከብደዋል፣ አየር የሚሞላውን ኮምፕሬሰርም ያቆመዋል።

በጉዞ ላይ

ለመንገዱ ተስማሚው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። መርፌው 30 ላይ ሲደርስ ፍሬኑ ጠበቅ ተደርጎ ይረገጣል፤ ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ፍጥነቱ ወደ 22 ሲወርድ እግር ሙሉ በሙሉ ይነሳል። መኪናው እንደገና ቀስ ብሎ 30 እስኪደርስ ሸራው ይተነፍሳል። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ በስሱ እየያዙ መውረድ ለስላሳ ይመስላል፣ ግን ይጎዳል። ግፊቱ ትንሽ ሲሆን የጠበቁት ጎማዎች ብቻ ይይዛሉ፤ ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ግን ሁሉም ሥራውን ይካፈላሉ። የተሳቢውን ፍሬን ብቻውን በእጅ እየያዙ መውረድም የተሳቢውን ሸራ ከማቃጠል ሌላ ጥቅም የለውም።

በዚህ መንገድ ላይ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እንደ ሞገድ ይጎብጣል፤ ዛሬ የተስተካከለው ከጥቂት ክረምት በኋላ ተመልሶ ይበላሻል። ሞገዱ ኩርባ ውስጥ ከሆነ ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና ይዋልላል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ የሚቀነሰው ኩርባው ሳይጀመር ነው። ክረምት ላይ ከላይ በኩል ጉም አለ። ዝንጀሮዎችም ከተሳፋሪ የሚወረወር ዳቦና ሙዝ ለምደው ከጠርዙ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ዳቦ የሚወረውር መኪና ከፊት ካለ በድንገት ሊቆም እንደሚችል መገመት ይገባል።

የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ለተመሳሳይ ሥራ ከበፊቱ ጠልቆ መረገጥ ከጀመረ መኪናው ገና መቆም በሚችልበት ሰዓት ዳር ይዞ ይቆማል። አንድ ኩርባ ልለፍ ማለት እዚህ ቦታ የለውም። ከቆመ በኋላ ጎማው በታኮ ይያዛል፣ ምክንያቱም የእጅ ፍሬኑም የያዘው ያንኑ የጋለ ታምቡር ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይዞታው ሊለወጥ ይችላል። ታምቡሩ ላይ ውሃ አይደፋም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት፣ ነፋስ ያቀዝቅዘው።

ፍሬኑ አልይዝ ሲል

ማርሽ አይወጣም፣ ፍሪሲዮን አይረገጥም። በዘይት ፍሬን ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መርገጥ ግፊት ሊመልስ ይችላል፤ በአየር ፍሬን ግን እንዲህ ማድረግ አየሩን ይጨርሳል፣ ስለዚህ አንዴ ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል። የእጅ ፍሬን ደረጃ በደረጃ ይሳባል። መብራትና ጡሩምባ ሳያቋርጥ ይሠራል። ከዚያ ዓይን የሚፈልገው ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ፣ የአሸዋ ወይም የገረጋንቲ ክምር፣ ቁጥቋጦ ነው። ምንም ከሌለ ከገደሉ ተቃራኒ ያለውን የተራራ ግድግዳ በጎን እያሹ መሄድ ይቀራል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን በጠባብ ማዕዘን። ይህ የሚደረገው ፍጥነቱ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ጋቢና ውስጥ ያለ ሰው ቀበቶውን አስሮ ይቆያል እንጂ አይዘልም።

ከድልድዩ ወዲያ

ታች ሲደረስ ረዳቱ ዞሮ የእጁን ጀርባ ሳይነካ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ያስጠጋል። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ተጣብቋል ወይም ብቻውን ሲሠራ ነበር፤ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አልያዘም። የትኛው እንደሆነ ይጻፋል። የጋለ ጎማ ነፋስ አይቀነስም፤ ጭማሪው ከሙቀቱ የመጣ ስለሆነ ሲበርድ ይመለሳል።

በዳገቱ ላይ የሚታየው የሞተሩ ሙቀት ነው። መርፌው መውጣት ሲጀምር ማርሽ ይቀነሳል፤ ሞተሩ ሲቀል ፓምፑና ማራገቢያው በደንብ ይዞራሉ። መቆም ካስፈለገ ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፣ ጥቂት ደቂቃ በቀስታ ይዞራል። የራዲያተሩ ክዳን ደግሞ እስኪበርድ አይነካም።

ደጀን ላይ የላላው ፍሬን ወዲያው ቢጠብቅ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ታምቡሩ ገና ትኩስና የሰፋ ነው። በዚያ ልክ የጠበቀ ሸራ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝና ሲጠብ ይነክሳል፣ ጎማውም እየጎተተ ይሄዳል። ሬጅስትሮው የሚደረገው በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ድልድዩ ላይ በተጻፈው ጎማ ተጀምሮ ነው።