በወረርሽኝ ጊዜ ፍርድ ቤትና የነጋዴው ውል

ነጋዴ ዕቃውን በዱቤ የሚሰጠው ገዢውን በማመን ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ቢበላሽ የሚሰማ ዳኛ አለ በሚል መተማመንም ነው። ችሎት ሲዘጋ ይህ መተማመን ምን ያህል እንደሚፈተን በ2012 ዓ.ም. ታይቷል።

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ፤ አስቸኳይ ከተባሉት ጉዳዮች በቀር ቀጠሮዎች ተላለፉ። መጋቢት 30 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ቁጥር 3/2012ን አወጣ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 2 ቀን ለአምስት ወር እንዲጸና አጸደቀው። ሥልጣኑ የተገኘው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ሲሆን፣ ይህ አንቀጽ ወረርሽኝን ከውጭ ወረራና ከተፈጥሮ አደጋ ጋር አብሮ በስም ይጠቅሰዋል።

ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ኮተቤ የሚዘረጋው የየካ ክፍለ ከተማ ነገሩን በቅርብ አይቶታል። ሕሙማን ተለይተው የታከሙበት የየካ ኮተቤ ሆስፒታል በዚያው ነው፤ የሾላ ገበያም በዚያው ነው።

እንግዲህ አንድ የሾላ እህል ነጋዴ ውሉን መፈጸም ቢያቅተው «ወረርሽኝ ነበር» ማለት ብቻ ይበቃዋልን? አይበቃውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1793 ከአቅም በላይ ናቸው ብሎ በምሳሌነት ከዘረዘራቸው መካከል ወረርሽኝ በስሙ አይገኝም። የሚገኙት ውሉ እንዳይፈጸም የሚያግድ የመንግሥት ክልከላ፣ የባለዕዳው ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም፣ የተፈጥሮ መቅሠፍት፣ ጦርነትና እነዚህን የመሰሉ ናቸው። ስለዚህ ተከራካሪው የትኛው የመንግሥት ትእዛዝ፣ በየትኛው ቀን፣ የትኛውን ሥራ እንደከለከለው ማስረዳት አለበት። የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ግን፣ በውሉ ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር፣ በቁጥር 1794 መሠረት ምክንያት አይሆንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለአበዳሪው ወገን የሚከብደው ደግሞ ይርጋ ነው። በቁጥር 1845 መሠረት፣ ሕግ በሌላ አኳኋን ካልወሰነ በቀር፣ ከውል የሚመነጭ መብት በ10 ዓመት ይታገዳል። ዐሥረኛው ዓመት የሚሞላው መዝገብ ቤት በተዘጋበት ሳምንት ቢሆንስ? በቁጥር 1851 ይርጋን የሚያቋርጡት ክስ ማቅረብና ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ናቸው። የመጀመሪያው በር ቢዘጋ ሁለተኛው ክፍት ነው፤ ጥቂት ብር በከፊል መቀበል ወይም ባለዕዳው የፈረመበትን የዕዳ ማመኛ መያዝ አዲስ ዘመን ያስቆጥራል።

ፍርድ ቤቶችም በጤናው ጊዜ ሊወስኑት የሚገባ አለ። የባከኑት ቀናት ከይርጋና ከይግባኝ ጊዜ ይቀነሱ እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ መታወቅ ይኖርበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክልል ያሉ ባለጉዳዮችን በፕላዝማ ማከራከር የጀመረው ከወረርሽኙ በፊት ስለሆነ፣ መሣሪያው እንግዳ አይደለም፤ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ችሎቶች ማውረዱ ነው ሥራው። አስቸኳይ የሚባሉት ጉዳዮች ዝርዝርም የታሰረን ሰው ማስቀደሙ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በመጋዘን የተያዘ መድኃኒት ወይም የሚበላሽ እህል ያለበት የእግድ አቤቱታ ከዚያ ዝርዝር መጨረሻ ላይ እንኳ ቦታ ሊያገኝ ይገባዋል።

እስከዚያው ድረስ አስመጪውም ባለሱቁም በሚያድሱት ውል ላይ ሁለት መስመር ሊጨምሩ ይችላሉ፤ አንደኛው ወረርሽኝን በስሙ የሚጠራ፣ ሁለተኛው ችሎት ቢዘጋ ክርክሩን የሚያይ የግልግል ዳኛ የሚሰይም።