ከፍጥነት ልምምድ ማግስት ጡንቻን የሚሰባብረው ምንድን ነው?

የስፖርት ዘገባ ስንከታተል «ላክቲክ አሲድ ጡንቻውን ይዞት ነው» ሲባል ሳንሰማ አንቀርም። እኛም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ ማይክ ስንጨብጥ ይህንኑ እንዳንደግም እሰጋለሁ። ነገሩ ወዲህ ነውና።

አንድ ሯጭ 100 ወይም 200 ሜትር በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ጡንቻው ቀድሞ የሚጠቀመው ፎስፎክሬቲን የተባለውን ፈጣን ስንቅ ነው። ይህ ስንቅ በጥቂት ሴኮንዶች ይመናመናል፤ አብዛኛው ግን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚሆን እረፍት ተመልሶ ይሞላል። ለመሙላት ታዲያ ኦክስጅን ይፈልጋል። እኔ ያደግሁት ጃናሞራ ነው። እንደኛ አገር ባለ ከፍታ (ደባርቅ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት) በሁለት ሩጫ መካከል ያለው እረፍት ከቆላው ረዘም ማለት ይኖርበታል። አሰልጣኝ ሰዓቱን እያየ «ተነስ!» ሲል ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

ላክቴቱስ? እሱማ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል፤ እንዲያውም ልብና ጡንቻ መልሰው ማገዶ ያደርጉታል። ታዲያ በማግስቱ ጭን የሚይዘው ምንድን ነው? መልሱን የአገራችን ሰው በእግሩ ያውቀዋል። ሊማሊሞን ቁልቁል በእግሩ የወረደ ሰው በዕለቱ ደህና ነው፤ በማግስቱና በሠልስቱ ግን ከመደብ መነሳት ያቅተዋል። ቁልቁለት ላይ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚይዝ ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ፤ ሕመሙም የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በሙሉ ፍጥነት እየሮጡ ድንገት ፍሬን መያዝም ያው ነው። ስለዚህ ጡንቻው ሳይጠገን በማግስቱ ሌላ የፍጥነት ልምምድ መደረብ ጉዳትን መጥራት ነው። ቀለል ያለ ሶምሶማ ግን አይከፋም።

ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትሩን ያሸነፈው ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ሲሆን 5,000ውን ደግሞ ሐምሌ 25 ነው። በመካከሉ የ5,000 ማጣሪያ ነበረበት። «ማርሽ ቀያሪው» ስንል የመጨረሻዋን ዙር ብቻ እናነሳለን፤ በእነዚያ ቀናት እንዴት አረፈ፣ ምን በላ ብሎ መጠየቅ ግን የዘጋቢ ሥራ ይመስለኛል።

ምግቡ ሩቅ አይደለም። ጡንቻ ውስጥ የተሟጠጠው ግላይኮጅን በደንብ ቢበላም እስኪሞላ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል፤ ለዚህ የገብስ በሶና ቆሎ ሁነኛ ናቸው። ለተጎዳው ክር መጠገኛ ደግሞ ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ በጾም ወራት ባቄላና ሽሮ በርከት ማድረግ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሯጭም ከባዱን ልምምድ ጠዋት ከሚያደርገው ወደ ምግቡ ሰዓት ቢያስጠጋው ይሻለዋል።