ሳትቆጥር ቁጥር አትጻፍ

(ጡረታ የወጡ ነርስ እና ሥራ የጀመረ ወጣት ነርስ፤ ጊምቢቹ)

ወጣቱ፦ ሲስተር፣ ትምህርት ቤት ማየት፣ መዳሰስ፣ ማንኳኳትና ማዳመጥ ተምረን ነበር። ዋርድ ስገባ ግን ከቫይታል ሳይን ሌላ የሚሠራ አላየሁም።

ሲስተር፦ ቫይታል ሳይኑስ መች በወጉ ይሠራል ልጄ? የዋርዱን ካርዶች ገልጠህ እይ። ሙቀቱና ግፊቱ ይለያያል፤ ትንፋሹ ግን ከአልጋ አልጋ በደቂቃ 20፣ 20፣ 20 ነው። ሳንባውን የታመመውም፣ ለቡአ ቀዶ ሕክምና የተኛውም 20! የግፊት መለኪያው ቁጥሩን ራሱ ያወጣል፤ ትንፋሽ ግን ዓይንና ሰዓት ይፈልጋል። የሚዘለለው ለዚህ ነው። በዚህ ጉዳይ ስንቴ ተጣልቻለሁ! አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሕፃን ደረት ላይ ማዳመጫ ባደርግ፣ «ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ አንቺ መርፌሽን ውጊ» ተባልኩ። የልጁ ትንፋሽ 64 ነበር፤ ካርዱ 20 ይላል። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ብናገር «ነገረኛ» የሚል ስም ወጣልኝ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ቆጥሬ ነው የተናገርኩት።

ወጣቱ፦ ጊዜ ከየት ይመጣል? ተረኛው አንድ፣ ታካሚው ብዙ።

ሲስተር፦ የምጠይቅህ አንድ ደቂቃ ነው። እናት ከሶሮ ገጠር ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ትመጣለች፤ «ያስለዋል» ስትል ሽሮፕ ተጽፎላት ትሸኛለች። ጋቢውን አስፈታት፤ የልጁን ልብስ ወደ ላይ ሰብስብ። እያለቀሰ ወይም እየጠባ አይቆጠርም፤ ይረጋጋ። ከዚያ ሙሉ ደቂቃ ቁጠር። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላልሞላው 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። አየር ሲያስገባ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? መዳፉ ነጥቷል? የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠህ ስትለቀው ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ፈሳሽ ክፉኛ እንዳነሰው ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ለዚህ ሁሉ መብራት እንኳ አያስፈልግም።

ወጣቱ፦ ድሮስ የነርስ ሥራ እንዴት ነበር?

ሲስተር፦ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው ገጠር እንዲሠሩ ነበር የታሰበው፤ ዛሬ ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ነርስ በዲግሪ ያስመርቃል። ትምህርቱ አድጓል፤ ካርዱ ላይ ያለው 20 ግን አልተነቃነቀም። አንተ ግን ታካሚ ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል ሪፈር ስታደርግ «ደክሟል» ብቻ ብለህ አትላክ። «ትንፋሹ በ4 ሰዓት 48፣ በ5 ሰዓት 62» ብትል ተቀባዩ በሽታው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ሐኪሙ ታካሚውን በቀን አንዴ ሁለቴ ያየዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ያለው ነርስ ነው። ለውጡን ነርስ ካላየው ማን ሊያየው ነው? ካልቆጠርክ ቦታውን ባዶ ተወው። ባዶውን ያየ ተረኛ ይቆጥራል፤ የውሸት 20 ያየ ግን አልፎ ይሄዳል።