የተሰበረ የቤት ድንጋይን በማጣበቂያ መጠገን፦ አቅሙና ወሰኑ

በከተማ ቤቶች የመስኮት ደፍ፣ የደረጃ መርገጫና የወጥ ቤት ጠረጴዛ ገጽ ብዙ ጊዜ ከእብነ በረድ ወይም ከግራናይት ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲሰበር ባለቤቱ በአዲስ ይተካዋል፤ አለዚያም በማጣበቂያ ይጠግነዋል። ጥገናው ወጪው አነስተኛ በመሆኑ ይመረጣል። ሆኖም 1 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእብነ በረድ መርገጫ 24 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። መጋጠሚያው ቢከዳ የሚጎዳው ሰው ነው። በመሆኑም የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የትኛው ስብራት ለማጣበቂያ እንደሚታመን፣ የትኛውም እንደማይታመን ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ የማጣበቂያውን ዓይነት እንመልከት። ነጩ የእንጨት ኮላ በውሃ ስለሚላላ ለድንጋይ አይመችም። ሲሚንቶ ለቀጭን ስንጥቅ ይወፍራል፤ በውስጡ የሚገኘው ጨውም ነጭ እብነ በረድን ሊያወይብ ይችላል። ፖሊስተር ማስቲሽ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በእርጥብ ቦታም ጽናቱ ይቀንሳል። ሬዚንና ማጠንከሪያ ተቀላቅለው የሚሠሩት ኢፖክሲ ግን ቀስ ብሎ ቢጠነክርም መኮማተሩ ጥቂት ነው፤ እርጥበትንም በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ በፀሐይ ብርሃን ወደ ቢጫነት ይለወጣል፤ በክፍል ሙቀት የደረቀውም ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ ለምድጃ ዙሪያ አይሆንም።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። ስብራቱ በውሃና በብሩሽ ይጸዳል። እብነ በረድ በአሲድ ስለሚበላ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ለጽዳት አይውልም። ድንጋዩ ቀዳዳዎቹ የያዙትን ውሃ እስኪለቅ ድረስ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይደርቃል፤ ከዚያም ፊቱ በአሴቶን ይጠረጋል። ቁርጥራጮቹ ያለ ማጣበቂያ ተገጣጥመው ይፈተናሉ። ሬዚኑና ማጠንከሪያው አምራቹ በወሰነው መጠን በትክክል ይለካሉ፤ ማጠንከሪያ መጨመር ጥንካሬን አይጨምርም፤ ይልቁንም ያዳክማል። ድብልቁ በስሱ ተቀብቶ ድንጋዩ በፕላስተር ወይም በሞርሳ ይያዛል፤ ለ24 ሰዓትም አይነካም። ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ጓንት ማድረግ፣ መስኮት መክፈት፣ አሴቶንንም ከእሳት ማራቅ ያስፈልጋል።

ወሰኑን በተመለከተ ዋናው መለኪያ ጭነቱ የሚያርፍበት አቅጣጫ ነው። መጋጠሚያው ግፊትን በደንብ ይሸከማል፤ መታጠፍንና መላጥን ግን በቀላሉ አይችልም። ከሥሩ በሙሉ በግንብ ላይ የተኛ የመስኮት ደፍ ቢጠገን ያስተማምናል። ከግድግዳ ወጥቶ ያለ ድጋፍ የተንጠለጠለ መርገጫ ግን በማጣበቂያ ብቻ ሊታመን አይገባም፤ የማይዝግ ብረት ካስማ ወይም የሥር ድጋፍ ያሻዋል። ተራ ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ድንጋዩን መልሶ ይሰነጥቃል። የተሰበረ የእህል ወፍጮ ድንጋይም በማጣበቂያ መጠገን የለበትም፤ መጁ መጋጠሚያውን ሲፍቀው ብናኙ ከዱቄቱ ጋር ይቀላቀላልና።

በአጠቃላይ የጥገናው ዕድሜ በማጣበቂያው ብርታት ብቻ አይወሰንም፤ የድንጋዩ ንጽሕና፣ ድርቀትና አቀማመጥ እኩል ድርሻ አላቸው። ጠጋኙ ሙጫውን ከመክፈቱ በፊት ድንጋዩ ዳግም ቢሰበር በማን ላይ እንደሚወድቅ ሊጠይቅ ይገባል። መልሱ «በሰው ላይ» ከሆነ፣ መተካት ይሻላል።