ትምህርት 12፦ ማመንና መታመን

የዚህ ትምህርት ዓላማ፣ ከአንድ ግሥ የወጡ ቃላት በመስተዋድድ አገባባቸው ልክ ፍቻቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማሳየትና የራሳችሁን ሐሳብ በድርሰት መልክ ለመግለጽ እንድትችሉ ለመርዳት ነው። ለዚህም «አመነ» የሚለውን ግሥ መርጠናል። ቃሉ በየዕለቱ በአፋችን የሚመላለስ ስለሆነ የምናውቀው ይመስለናል፤ ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

ሀ. ምንባብ

ከዚህ በታች የተሰጠውን ምንባብ ድምፅ ሳታሰሙ ሁለት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ተከተሉ። በሁለተኛው ንባብ ከ«አመነ» የወጡትን ቃላት ሁሉ ለቅማችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ተናጋሪው ለብዙ ዓመታት የሩጫ ውድድሮችን የተከታተለ አንድ ደጋፊ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ደጋፊ ሐሳብ

አንባቢ ሆይ፤ ሰው እንዴት ለሯጭ ይታመናል ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ሯጩ አያውቀኝም፤ ብደግፈውም ባልደግፈውም እግሩ አይፈጥንም። ይሁን እንጂ ምሩጽ ይፍጠርን ስከተል በኖርሁባቸው ዓመታት፣ ስለ ሩጫ ከተማርሁት ይልቅ ስለ ራሴ የተማርሁት ይበልጣል።

በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ምሩጽ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። በ5,000 ሜትር ግን ለማጣሪያው በሰዓቱ ባለመድረሱ ሳይወዳደር ቀረ። የ10,000 ሜትሩን ድል የተቀዳጀው የፊንላንዱ ላሴ ቪረን ነበር፤ ያውም በሩጫው መካከል ወድቆ ከተነሣ በኋላ፣ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሽሎ። ከጊዜ በኋላ የውድድሩን ፊልም አየሁ። መጨረሻውን አስቀድሜ የማውቀው ቢሆንም፣ ቪረን ሲወድቅ ባየሁ ጊዜ ልቤ በደስታ ዘለለ። ወዲያው አፈርሁ። «ምሩጽን አበርታልኝ» በሚለው ጸሎቴ ውስጥ «ሌላውን ጣልልኝ» የሚል ሌላ ጸሎት ተደብቆ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ምሩጽ በእርግጥ ያሸንፋል ብዬ አመንሁ። ካሸነፈም ለደብራችን ጃንጥላ ላስገባ ተሳልሁ። ጊዜው ሲደርስ ግን ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ከውድድሩ ወጣች። ምክንያቱ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ በሕግ ወደ ጸናባት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱ ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው ሰልፍ ቢወጡ፣ ፖሊሶች ተኩስ ከፍተውባቸው ነበር። የአፍሪካ አገሮች ኒው ዚላንድ ከኦሊምፒኩ እንድትታገድ ጠየቁ፤ ጥያቄው ተቀባይነት ባለማግኘቱ ከ20 በላይ አገሮች ሳይወዳደሩ ቀሩ።

ዜናውን እንደ ሰማሁ ተናደድሁ። ራግቢ የሚባለውን ጨዋታ ከቶ አይቼው አላውቅም። ባላየሁት ጨዋታ የተነሣ የምወደው ሯጭ አራት ዓመት የለፋበትን ቀን አጣ። ንዴቴ በረድ ሲል ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ለምሩጽ መታመን የሶዌቶን ልጆች መክዳት ከሆነ፣ የቱን ልምረጥ? ውሳኔው ትክክል መሆኑን ቀስ በቀስ ራሴን አሳመንሁ። ቢሆንም አንድ ነገር አልረሳሁም፤ ዋጋውን የከፈለው ምሩጽ እንጂ እኔ አልነበርሁም። በሌላው ሰው ላብ መጽደቅ ቀላል ነው።

ስለ ስለቴም ተጨነቅሁ። ሩጫው ስላልተሮጠ ስለቱ አይዘኝም ብዬ ለእናቴ ብነግራት፣ «ልጁ በሕይወት አለ፤ እግሩም ደኅና ነው። አንተ በጃንጥላው ምን ልትገዛ ኖሯል?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። እምነት ያልሁት ነገር ለካ ንግድ ነበር፤ ድሉን ስጠኝና ጃንጥላውን ልስጥህ ማለት ነበር። በዚያው ዓመት፣ ድል ሳይኖር፣ ጃንጥላውን አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ከውድድር በፊት ስጸልይ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁሉም በደኅና ይግቡ።

በ1980 ኦሊምፒኩ በሞስኮ ተደረገ። ምሩጽ በ10,000 ሜትርም በ5,000 ሜትርም የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። 300 ሜትር ያህል ሲቀረው ድንገት ተፈትልኮ በመውጣት ተከታዮቹን ጥሎ ገባ። ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» የሚለው በከንቱ አልነበረም። እኔም ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ። በዚያው ሌሊት ግን የኬንያው ሄንሪ ሮኖ ትዝ አለኝ። ሮኖ በ1978 በ81 ቀኖች ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረ ሯጭ ነበር። ኬንያ በ1976 ከእኛ ጋር ቀርታለች። በ1980 ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ጦሯን ወደ አፍጋኒስታን በማዝመቷ ምክንያት አሜሪካ በመራችው አድማ ተካፍላ ከሞስኮ ቀረች። ሮኖም በሁለቱም ኦሊምፒኮች ሳይሮጥ ቀረ። እኔ ስጨፍር፣ በናይሮቢ አንድ ደጋፊ በ1976 እኔ እንደ ተቀመጥሁት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። እኔና እርሱ ባንተዋወቅም ኀዘናችን አንድ ነው።

ኢትዮጵያም በ1984 ከሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ከሴኡል ቀርታ ሌሎች ሯጮች በተራቸው ዕድላቸውን አጡ። በ1992 በባርሴሎና ግን የማልረሳውን ነገር አየሁ። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎው ሥርዓት በመፍረስ ላይ ስለ ነበረ፣ አገሪቱ ከ1960 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተካፈለች። በሴቶች 10,000 ሜትር ደራርቱ ቱሉና ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ሌሎቹን ርቀው ተፎካከሩ፤ ደራርቱ ቀድማ ገባች። ከዚያም ሜየርን ጠብቃ አቀፈቻት። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

በ1976 የጠፋው ቀን በዚህ ተመለሰ አልልም። ለምሩጽ ያ ቀን አልተመለሰለትም፤ ለሮኖም አልተመለሰለትም። ነገር ግን ያ ዋጋ የተከፈለው ለምን እንደ ነበረ በሁለቱ ሴቶች እጅ ላይ አየሁት። ምሩጽ በ2016 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ሲያርፍ፣ ከልቤ አልቅሼ ያስታወስሁት በሞስኮ ያሸነፈበትን ቀን ብቻ አልነበረም። ያልሮጠበትን ቀንም አስታወስሁ። ለአሸናፊ ሁሉም ያጨበጭባል፤ የታመንሁለት መሆኔን የማውቀው ግን በዚያ በጠፋው ቀን ነው።

ለ. የቃላት ፍች

ማጣሪያ፦ ለመጨረሻው ውድድር የሚያልፉት የሚመረጡበት ሩጫ።
ክብረ ወሰን፦ ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበት ውጤት።
መድልዎ፦ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን መበደል፤ አድልዎ።
ተሳለ፦ የለመንሁት ቢፈጸም ይህን እሰጣለሁ ብሎ ለፈጣሪ ቃል ገባ።

ሐ. ሰዋስው፦ «አመነ» እና መስተዋድዶቹ

አንድ ግሥ በሚገባ ታወቀ የሚባለው ባለቤቱንና ተሳቢውን ብቻ ሳይሆን የሚስማማውን መስተዋድድ ጭምር ስናውቅ ነው። የሚከተሉትን አገባቦች አስተውሉ።

1. አመነ። ይህ አድራጊ ግሥ ነው። በሦስት መንገድ ይገባል። «ሯጩን አመነው» ስንል የተናገረውን እውነት ነው ብሎ ተቀበለ ማለታችን ነው። «ያሸንፋል ብሎ አመነ» ስንል ደግሞ ሐሳቡን እንገልጻለን፤ ይህ እምነት ነገ በውጤቱ ሊፈርስ ይችላል። «በፈጣሪው አመነ» ስንል ግን «በ» ገብቶ ግሡ በአንድ ውጤት የማይለካ መጽናትን ያሳያል። የምንባቡ ተናጋሪ የተሳሳተው ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር በማደባለቁ ነው።

2. ታመነ። «ተ» እና «አመነ» ተዋሕደው የተገኘ ግሥ ነው። በተደራጊነቱ «ቃሉ ታመነ» ይባላል። ከ«ለ» ጋር ሲገባ ግን «ለወዳጁ ታመነ» ይሆናል፤ ትርጉሙም ሳይከዳ ጸና ማለት ነው። አንዲት ፊደል ፍቹን ፈጽሞ እንደምትለውጠው ልብ በሉ። «ለአገሩ ታመነ» ማለት አገሩን አልከዳም ማለት ሲሆን፣ «በአገሩ ታመነ» ማለት ግን በአገሩ ሰዎች ዘንድ ታማኝ ሆኖ ተገኘ ማለት ሊሆን ይችላል።

3. ተማመነ። «ሁለቱ ሯጮች ተማመኑ» ስንል ድርጊቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ ነው። «በጉልበቱ ተማመነ» ስንል ግን ተመካ ማለታችን ነው።

4. አሳመነ። አስደራጊ ግሥ ነው። ሰውን ወይም ራስን አንድ ነገር እንዲቀበል ማድረግን ያሳያል።

ከእነዚህም ግሦች ልዩ ልዩ ስሞችና ቅጽሎች ይወጣሉ። ከ«አመነ» አማኝና እምነት፣ ከ«ታመነ» ታማኝና ታማኝነት፣ ከ«ተማመነ» መተማመን ይገኛሉ። በጠቅላላው ሲታይ፣ «አመንሁት» የሚል ሰው ስለ ሌላው ይናገራል፤ «ታመንሁለት» የሚል ሰው ግን በራሱ ላይ ግዴታ ይጥላል።

መ. ድርሰት፦ የራስን ሐሳብ መግለጽ

ብዙ ተማሪዎች ሐሳባቸውን እንዲጽፉ ሲጠየቁ በፍርድ ይጀምራሉ። «ስፖርትና ፖለቲካ መቀላቀል የለባቸውም» ብለው ይጽፉና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ያጣሉ። ምክንያቱም ፍርዱ ከተነገረ በኋላ የሚቀጥል ነገር የለም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ጠብቁ።

አንደኛ፣ ከሐሳቡ በፊት ነገሩን አስቀድሙ። የምንባቡ ተናጋሪ ስለ ዓለም ፖለቲካ ከመናገሩ በፊት ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን እንደ ቀረ ይነግረናል።

ሁለተኛ፣ የሚቃወማችሁን ሐሳብ አትሸሽጉ። ተናጋሪው ውሳኔውን ደግፎም ቢሆን ዋጋውን ሌላ ሰው እንደ ከፈለ ያምናል። ይህ ድርሰቱን አያዳክመውም፤ አንባቢ እንዲያምነው ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ ስሕተታችሁን ጻፉ። ቪረን ሲወድቅ የተሰማው ደስታ የሚያሳፍር ነው። ያን ባይነግረን ኖሮ ግን ስለ ጸሎት የሚናገረው ሁሉ ባዶ ስብከት በሆነ ነበር።

ሠ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
ሀ) ኢትዮጵያ በ1976ቱ ኦሊምፒክ ያልተካፈለችው በምን ምክንያት ነው?
ለ) እናትየው «በጃንጥላው ምን ልትገዛ ኖሯል?» ስትል ምን ማለቷ ነበር?
ሐ) ተናጋሪው በደስታው ሌሊት ሄንሪ ሮኖን ያስታወሰው ለምንድን ነው?
መ) «በሌላው ሰው ላብ መጽደቅ ቀላል ነው» የሚለውን አባባል በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።

2. በባዶው ቦታ ከ«አመነ»፣ «ታመነ»፣ «ተማመነ»፣ «አሳመነ» ተስማሚውን አግቡ።
ሀ) አሠልጣኙ ልጁን እንዲሮጥ በብዙ ምክር ____።
ለ) ደጋፊው ቡድኑ በተሸነፈበት ዓመት እንኳ ለቡድኑ ____።
ሐ) በፍጥነቱ ብቻ ስለ ____ ልምምዱን ችላ አለ።
መ) ዝናብ ይዘንባል ብሎ ____፤ ነገር ግን አልዘነበም።

3. «በ» እና «ለ» እየተለዋወጡ የግሡን ፍች የሚለውጡባቸውን ሁለት ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።

4. ከሚከተሉት በአንዱ ርእስ ከአራት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።
ሀ) የምደግፈው ሰው ወይም ቡድን የተሸነፈበት ቀን
ለ) ሁለት ታማኝነቶች የተጋጩብኝ ጊዜ

ድርሰታችሁን ጨርሳችሁ ከማስረከባችሁ በፊት «አመንሁ» ያላችሁበትን ቦታ ሁሉ መርምሩ። በእርግጥ አምናችሁ ነበር ወይስ ተስፋ አድርጋችሁ ብቻ? ተስፋ ከሆነ «ተስፋ አደረግሁ» ብላችሁ አስተካክሉ፤ እያንዳንዱን ቃል በስፍራው ማግባት የጸሐፊ ታማኝነት ነውና።