ከቅማሏ ይልቅ ጥፍርህን ፍራ

ልጄ፣ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ልትሄድ መሆኑን እናትህ ነገረችኝ። እኔም በደብረ ታቦር ዙሪያ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ኋላ ድሬሰር ሆኜ አንተን የመሰሉ ልጆች ቅማል በምታመጣው የግርሻ ትኩሳት ሲንቀጠቀጡ ብዙ አይቻለሁ። ሰነፍ አይደለህም፤ ነገር ግን ትንሽ ነገር ትንቃለህ።

1. ቅማል በጥፍርህ አትጨፍልቅ። እሳት ዳር ቁጭ ብለህ፣ የእጀ ጠባብህን ስፌት ገልብጠህ፣ በሁለት አውራ ጣትህ ጥፍር መሃል ጠሽ ታደርጋታለህ። ንክሻዋ ብቻውን ግርሻን አያስይዝህም። ተዋሲያኑ በሰውነቷ ፈሳሽ ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል፤ በሩን የምትከፍትለት አንተ ነህ። በጥፍርህ የቀረው ፈሳሽ ባከክኸው ጭረት ይገባል፣ ዓይንህን ስታሽም ይገባል። በስንጥር አንስተህ እሳት ውስጥ ጣላት፤ እጅህንም በሳሙና ታጠብ።

2. የታመመ ጓደኛህን ጋቢ አትደርብ። ቅማል ሙቀት ትወዳለች፣ ትኩሳት ግን አትችልም፤ ሰውየው ሲነድ ትታው አጠገቡ ወደ ተኛው ትሻገራለች። በክረምት በአንዲት ጎጆ ተጠጋግታችሁ እንደምትተኙ አውቃለሁ፤ የጉና ብርድ አይቻልም። ቢሆንም የታመመውን ለብቻው አስተኙት። ውኃና ምግብ ግን አትንፈጉት፤ ይህ በሽታ በትንፋሽ አይተላለፍም።

3. ልብስህን ቀቅል። ቅማሏ የምትኖረው ገላህ ላይ ሳይሆን ስፌቱ ውስጥ ነው፤ ቅጫሟንም እዚያው ትለጥፋለች። ታጥበህ ያንኑ እጀ ጠባብ ከለበስህ ምኑን ታጠብኸው? እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ላይ ቻርል ኒኮል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ሌላውን የቅማል በሽታ፣ ተስቦን፣ የምታስተላልፈው እሷ መሆኗን አረጋገጠ። የተስቦ በሽተኛ ሆስፒታሉ ደጅ እስኪደርስ ድረስ ሰው ያስይዛል፤ ታጥቦ የሆስፒታሉን ልብስ ከለበሰ በኋላ ግን አጠገቡ ያለውን አያስይዝም። ነገሩ ያለው ባወለቀው ልብስ ላይ እንደሆነ ኒኮል ያስተዋለው ከዚህ ነው። ደበሎ አይቀቀልም፣ ይበላሻል። በትልቅ ፌስታል አጥብቀህ ቋጥረህ 2 ሳምንት አስቀምጠው፤ ደም ያጣች ቅማል ከሳምንት አታልፍም፣ ከቅጫሙ የሚፈለፈለውም በረሃብ ይሞታል።

4. ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብለህ አትነሣ። አንድ የዜማ ጓደኛዬ በስድስተኛው ቀን ላብ አጠመቀው፣ ትኩሳቱም ወረደ። በማግስቱ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ዞረ። በሳምንቱ ወደቀ፤ ሁለተኛ አልተነሣም። ሰውነትህ ተዋሲያኑን የሚለየው ሌባን በጋቢው እንደ መለየት ነው። አብዛኛውን ይዞ ይፈጃል፤ ጥቂቱ ግን ጋቢውን ለውጦ ይሸሸግና ተራብቶ ይመለሳል። ካልታከመ ከ100 በሽተኛ ከ10 እስከ 40 ይሞታል።

5. የግርሻን መርፌ ተወግተህ ወዲያው ወደ ቤት አትሂድ። ተዋሲያኑ በአንድ ጊዜ ሲያልቅ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ የደም ግፊትህም ይወርዳል። መድኃኒቱ ገደለው ብለው በሽተኛቸውን ከአልጋ ያነሡ ሰዎች አይቻለሁ። አንተ ግን እዚያው ተኛ፣ ሐኪሙ ይይህ።

6. አትፈር። ቅማል ደበሎ ለባሹንም መኮንኑንም አትለይም። ትኩሳት ሲይዝህ ለየኔታ በዕለቱ ንገር።

ሁለት እጀ ጠባብና አምስት ሳሙና በእናትህ እጅ ልኬልሃለሁ። አንዱ ሲቀቀል ሌላውን ትለብሳለህ።